አውታር ቃኚው መሐንዲስ፦ የናትናኤል ሄሬሾፍ ሕይወትና ሥራ

ድንኳን ተክሎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ፣ ምሰሶውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው የምሰሶው የራሱ ጥንካሬ ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል። አውታሩ በአንድ ወገን ከላላ ምሰሶው ይዘማል፤ በሁሉም ወገን ከመጠን በላይ ከተወጠረም ወይ ካስማው ይነቀላል፣ ወይ ምሰሶው ከወገቡ ይጎብጣል። በሸራ የሚሄድ የእሽቅድምድም መርከብም በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ ድንኳኑ ባለበት ጸንቶ ሲቆም፣ መርከቡ ግን እየተጋደመና በማዕበል እየተናጠ የነፋሱን ግፊት ወደ ጉዞ ኃይል መለወጥ ያለበት መሆኑ ነው። ለካስማው የሚሆን ጠንካራ መሬትም የለም። ምሰሶውም ሆነ አውታሩ የሚያርፉት በዚያው በተንሳፋፊው አካል ላይ ነው።

ይህን ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ የእጅ ሙያ በስሌትና በልክ ወደሚመራ የምህንድስና ዘርፍ ካሸጋገሩት ሰዎች መካከል፣ በስሙ ገናናነት ቀዳሚውን ሥፍራ የያዘው አሜሪካዊው ናትናኤል ግሪን ሄሬሾፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ናትናኤል የተወለደው መጋቢት 18 ቀን 1848 ሲሆን፣ የትውልድ ሥፍራው በሮድ አይላንድ ክፍለ ግዛት በናራጋንሴት ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የምትገኘው ብሪስቶል የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። ዘጠኝ ልጆች ከነበሩት ቤተሰብ ውስጥ ሰባተኛው ነበር። በዚያ ቤት ከባድ የዓይን ሕመም ነበር፤ ከልጆቹም መካከል ከአንድ የሚበልጡት ብርሃናቸውን አጥተዋል። ከእነዚህ አንዱ የናትናኤል ታላቅ ወንድም ጆን ብራውን ሄሬሾፍ ነው። ጆን በ1841 ተወልዶ፣ ጀልባ መሥራት በጀመረበት በለጋ ዕድሜው ፈጽሞ ዓይነ ስውር ሆነ። ሆኖም ሥራውን አልተወም። በእንጨት የተቀረጸ የመርከብ ናሙና ሲሰጠው በጣቶቹ ዳብሶ የትኛው ጎን እንደ ወፈረ፣ የትኛው መስመር እንደ ተሰበረ ይናገር ነበር። ታናሽ ወንድሙ ናትናኤልም ከልጅነቱ ጀምሮ ለእርሱ ዓይን ሆነው፤ ናሙናውን ይለካል፣ ልኩን ያሰላል፣ ንድፉን በሙሉ መጠን ይስላል። የናትናኤል የኋላ ልማድ፣ ማለትም መርከብን በመጀመሪያ በወረቀት ላይ ሳይሆን በግማሽ ናሙና ቀርጾ የመንደፍ ዘዴ፣ ሥሩ የሚገኘው በዚህ ነው። ለዓይነ ስውር ወንድም የሚነገር ንድፍ በእጅ የሚዳሰስ መሆን ነበረበትና።

በ1866 ናትናኤል ያን ጊዜ ገና አዲስ ተቋም ወደ ነበረው ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ገብቶ ለሦስት ዓመት ያህል የሜካኒካል ምህንድስና ተማረ። ተማሪ ሳለም ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ጀልባዎች ሲወዳደሩ ለትንሹ የሚሰጠውን የጊዜ ማካካሻ በሠንጠረዥ አስልቶ አዘጋጅቷል። ከዚያም በፕሮቪደንስ ከተማ በታወቀው በኮርሊስ የእንፋሎት ሞተር ኩባንያ ተቀጥሮ ዘጠኝ ዓመት ያህል ሠራ። ይህ ድርጅት በ1876 በፊላዴልፊያ ለተደረገው የመቶኛ ዓመት ኤግዚቢሽን 1,400 የፈረስ ጉልበት ያለውን ታላቅ ሞተር የሠራ ነው። ናትናኤል የብረት ባሕርይን፣ የእንፋሎትን ጉልበትና የመለኪያን ጥብቅነት ያወቀው እዚያ ነው። ብዙ የመርከብ ሠሪዎች በመጥረቢያና በልምድ ያደጉ ነበሩ፤ እርሱ ግን ወደ ሸራው የመጣው በሞተር ፋብሪካ በኩል ነው።

በዚያው በ1876 በኒውዮርክ በተደረገ ውድድር አማሪሊስ የተባለች፣ ሁለት ቀጫጭን አካሎች በአግዳሚ የተያያዙባት ጀልባ ይዞ ቀረበ። ሁለቱ አካሎች በማዕበል ላይ በየራሳቸው እንዲወዛወዙ በመገጣጠሚያዎቻቸው ላይ የሚንቀሳቀስ ማያያዣ ሠርቶላቸው ነበር። ከኋላ ተነሥታ ሁሉንም አለፈች። ተወዳዳሪዎቹም ተቃውሞ አቅርበው ከውድድሩ አስወጧት። ሕጉ ያላሰበውን ነገር ይዞ መቅረብ በኋላም የሰውየው ጠባይ ሆኖ ይታያል።

በ1878 ሁለቱ ወንድማማቾች የሄሬሾፍ ማኑፋክቸሪንግ ኩባንያን አቋቋሙ። ጆን ደንበኛ ያነጋግራል፣ ዋጋ ይተምናል፣ ዕቃ ይገዛል፤ ናትናኤል ይነድፋል፣ ሥራውን ይቆጣጠራል። ድርጅቱ ሞተሩን፣ ቦይለሩን፣ የነሐስ ቅልጡን፣ በኋላም ሸራውን ሳይቀር በራሱ አውደ ጥናት የሚሠራ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዝናው የተገነባው በእንፋሎት ጀልባዎች ነው። ስቲሌቶ የተባለችው መርከብ በ1885 በሃድሰን ወንዝ ላይ ፈጣን ተብላ የምትታወቀውን ሜሪ ፓወልን ቀደመች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የአሜሪካ የባሕር ኃይል ገዝቶ ቶርፔዶ ተሸካሚ አደረጋት።

የሕይወት ታሪኩን የጻፉለት አድናቂዎች ቀጥሎ ያለውን ነገር በችኮላ ማለፍ ይወዳሉ። ለመሐንዲስ አንባቢ ግን ከድሎቹ ሁሉ ይልቅ ቆም ብሎ ሊመለከተው የሚገባው ይህ ነው። በ1888 ሴይ ዌን የተባለች 42 ሜትር ርዝመትና 875 የፈረስ ጉልበት ያላት የእንፋሎት መርከብ የፍጥነት ሙከራ ላይ ነበረች። ሙከራውን የሚመራው ናትናኤል ራሱ ነበር። ገዥው በውል የተገባለት ፍጥነት ነበር፤ መርከቢቱ ያን ፍጥነት ማሳየት ነበረባት። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ የደኅንነት ቫልቩ፣ ለዚሁ የተሠራ ነውና፣ ተከፍቶ እንፋሎቱን መልቀቅ ጀመረ። ናትናኤል ቫልቩን ዘጋው። ቦይለሩ ፈነዳ፤ አንድ ሠራተኛም በደረሰበት ጉዳት ሞተ። ናትናኤልም የእንፋሎት መሐንዲስነት ፈቃዱን ተነጠቀ።

ከዚያ በኋላ ስሙ ይበልጥ እየተያያዘ የሄደው ከሸራ ጋር ነው። ለዚህ ምክንያቱ አደጋው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ድርጅቱ የእንፋሎት መርከብ መሥራቱን አላቆመምና። ነገር ግን በሸራ መርከብ ላይም ያው ጥያቄ ሌላ መልክ ይዞ ጠበቀው። የመርከብ ምሰሶ የደኅንነት ቫልቭ የለውም። ምን ያህል ተጨማሪ ጥንካሬ እንደሚተውለት የሚወሰነው አስቀድሞ በንድፍ ሰሌዳው ላይ ነው፤ ነፋሱ ያን ልክ ሲያልፍ የሚያስጠነቅቅ ፉጨት አይሰማም።

የነገሩን መካኒክስ በአጭሩ መመልከት ይጠቅማል። ነፋስ ሸራውን ወደ ጎን ሲገፋ ምሰሶውን ከመውደቅ የሚያድነው በነፋሱ ወገን ያለው አውታር ነው። መርከቡ ጠባብ፣ ምሰሶውም ረጅም በመሆኑ አውታሩ ከምሰሶው ጋር የሚሠራው ማዕዘን እጅግ ትንሽ ነው። ማዕዘኑ 20 ዲግሪ ቢሆን በአውታሩ ላይ የሚደርሰው ስበት ከጎን ግፊቱ ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ 10 ዲግሪ ቢሆን ስድስት እጥፍ ለመድረስ ጥቂት ይቀረዋል። ይህ ስበት በሙሉ ሊባል በሚችል መጠን ወደ ታች ወርዶ ምሰሶውን ይጫነዋል። ስለዚህ ምሰሶው ከመታጠፍ ይልቅ በቁሙ በጭነት የመጉበጥ አደጋ አለበት። ሌናርድ ኦይለር በ1744 እንዳሳየው፣ ቀጭን ምሰሶ ሊሸከመው የሚችለው ጭነት ርዝመቱ በእጥፍ ሲጨምር ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። መድኃኒቱ ምሰሶውን በወገቡ ላይ መደገፍ ነው። ከምሰሶው ወደ ግራና ቀኝ የሚዘረጉት አግዳሚ ክንዶች ሁለት ሥራ ይሠራሉ፤ አንደኛ አውታሩን ከምሰሶው አርቀው ማዕዘኑን ያሰፋሉ፣ ሁለተኛም ከታችኞቹ አውታሮች ጋር ተባብረው የምሰሶውን ወገብ ከመንሸራተት ያግዳሉ። ረጃጅም የሬዲዮ አንቴና ምሰሶዎችን በሽቦ ወጥረው ያቆሙ ባልደረቦች ይህን ሁሉ ከሥራቸው ያውቁታል።

ክንዱ ከአውታሩ ጋር በላይና በታች የሚሠራቸው ማዕዘኖች እኩል መሆን አለባቸው። ይህ ካልሆነ አውታሩ ክንዱን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ለማንሸራተት ይታገላል፤ ክንዱም ከከዳ ምሰሶው በአንድ ቅጽበት ውስጥ ድጋፍ አልባ ረጅም ምሰሶ ይሆናል። ያን ጊዜ የኦይለር ሕግ ወዲያው ይፈርዳል።

አውታርን መወጠር ከበገና ቅኝት ጋር የሚመሳሰል ሥራ ነው፤ አንዱን ሲነኩት ሌላው ይለወጣል። ዛሬ ለሽርሽርም ለውድድርም በሚያገለግል ባለሸራ ጀልባ ላይ የሚደረገው እንዲህ ነው። ጀልባው በጸጥተኛ ውኃ ላይ ቆሞ ወደ ምሰሶው አናት የሚደርሱት የግራና የቀኝ አውታሮች በመጠምዘዣ ብሎኖቻቸው እኩል ይወጠራሉ፤ አናቱ በትክክል መካከል ላይ መሆኑም ከአናቱ እስከ ሁለቱ የጀልባ ጠርዞች በመለካት ይረጋገጣል። ከዚህ በኋላ የታችኞቹ ተወጥረው የምሰሶው ወገብ ቀጥ ይደረጋል። የፊተኛው አውታር ከላላ በእርሱ ላይ የተሰቀለው ሸራ ይረግብና ጀልባው ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ተጠግቶ መሄድ ያቅተዋል። የኋለኛው ሲሳብ ደግሞ ምሰሶው በመጠኑ እንደ ቀስት ጎብጦ ዋናውን ሸራ ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ በኃይለኛ ነፋስ ይህ ይፈለጋል፣ በቀላል ነፋስ ግን ጉዳት ነው። ምሰሶው ወደ ኋላ ከመጠን በላይ ካዘነበለም ጀልባው አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ለማዞር ሁልጊዜ ይታገላል፤ መሪ ያዡም ክንዱ ይዝላል። የመጨረሻው ቅኝት የሚፈጸመው በጉዞ ላይ ነው። ጀልባው ሲጋደም ከነፋሱ በተቃራኒ ያለው አውታር ጥቂት መላላቱ የተለመደ ነው፤ እስኪወዛወዝ ድረስ ከላላ ግን ውጥረቱ አንሷል ማለት ነው። ቃኚውም ከምሰሶው ሥር አንጋጦ መስመሩ ቀጥ ማለቱን ይመለከታል።

ናትናኤል የነበረበት ዘመን መርከቦች ዛሬ ካሉት በብዙ የሚበልጡ፣ ምሰሶዎቻቸውም ከታችና ከላይ በሁለት ክፍል የተቀጠሉ ነበሩ። መርሑ ግን አንድ ነው። ከምሰሶው አናት ላይ የተቀነሰ እያንዳንዱ ኪሎ፣ ከመርከቡ ግርጌ ለሚንጠለጠለው እርሳስ የብዙ ኪሎ እፎይታ ነው። ክብደት የመቀነስ ሩጫው የተነሣው ከዚህ ነው።

በ1891 ግሎሪያና የተባለችው ጀልባ ስምንት ጊዜ ተወዳድራ ስምንቱንም አሸነፈች። በዚህም የተነሣ ታላቁ ውድድር፣ በ1851 የተጀመረው የአሜሪካ ዋንጫ፣ ወደ ብሪስቶል መጣ። ከ1893 እስከ 1920 ባሉት ዓመታት ናትናኤል የነደፋቸው አምስት መርከቦች ዋንጫውን ስድስት ጊዜ ከእንግሊዝ ተወዳዳሪዎች ጠብቀዋል። የመጀመሪያይቱን ቪጂላንትን በ1893 መሪ ይዞ የነዳት እርሱ ራሱ ነው። ሁለተኛይቱ ዲፌንደር ከውኃ በታች በነሐስ፣ ከውኃ በላይ በአሉሚኒዬም የተለበሰች፣ አጥንቷ ከአረብ ብረት የሆነ ነበረች። በክብደት ረገድ ድንቅ ነበረች፤ በጨው ውኃ ውስጥ ግን እነዚያ ብረቶች አንዱ ሌላውን መብላታቸው አልቀረም። በ1901 ተሰባብራ ለቁራጭ ብረት ተሸጠች። ናትናኤል ይህን አያውቅም ነበር ብሎ ማሰብ ያስቸግራል፤ የተጠየቀው ለአንድ በጋ የምታሸንፍ መርከብ ነበር፣ የሰጠውም እርሷን ነው።

በዚያች መርከብ ላይ በመስከረም 1895 የደረሰው ነገር የአንድ አውታር ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል። ከመነሻው መስመር አጠገብ የተወዳዳሪዋ የቫልኪሪ ሦስተኛ የሸራ ግንድ ጫፍ የዲፌንደርን የላይኛ ምሰሶ የቀኝ አውታር ጠልፎ ከቦታው አላቀቀው። ምሰሶው ተጎዳ፤ ዲፌንደርም በዚያ ወገን ነፋስ ሲመታት መሸከም የሚገባትን ሸራ ሁሉ መሸከም አልቻለችም። እንዲያም ሆኖ በተስተካከለ ሰዓት 47 ሰከንድ ብቻ ዘግይታ ጨረሰች። ዳኞቹም ቫልኪሪን ከውጤት አገለሏት። ከዚህ የተነሣው ጠብ በሁለቱ አገሮች ጋዜጦች ለወራት ሲናኝ ቆየ።

ከ1899 ጀምሮ የእንግሊዝ ወገን ተፎካካሪ የሻይ ነጋዴው ሰር ቶማስ ሊፕተን ሆነ፤ ስሙ እስከ ዛሬ በየሻይ ቤቱ የሚጠራው ያው ሰው ነው። ናትናኤል ለዚያ ዓመት ኮሎምቢያን ነደፈ። ለእርሷም በአረብ ብረት ቆርቆሮ የተጠቀለለ ውስጠ ባዶ ምሰሶ ሠራላት። ከሙሉ እንጨት ይልቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ስስ ግድግዳ ያለው ቧንቧ ሲከዳ እንደ እንጨት ቀድሞ አይንቋቋም። በነሐሴ 1899 በልምምድ ላይ ሳለች ምሰሶዋ ወደቀ። ተተክቶላት በጥቅምት ወር የሊፕተንን ሻምሮክ ሦስት ለዜሮ አሸነፈች። ሁለት ዓመት ቆይቶ ናትናኤል እርሷን የምትተካ ኮንስቲቱሽን የተባለች መርከብ ሠራ። በሰኔ 1901 ከኒውፖርት ወደብ ውጭ የአንድ ወገን አግዳሚ ክንድ ከዳና የብረቱ ምሰሶ ጎብጦ ተሰበረ። ከላይ እንደ ተገለጸው ክንዱ ሲሄድ ምሰሶው የሚተማመንበት ነገር አልነበረውም። ኮንስቲቱሽን ተጠግና ብትመለስም ምርጫውን አላለፈችም፤ በትውልደ ስኮትላንዳዊው ካፒቴን በቻርሊ ባር እጅ በሚገባ የተቃኘችው አሮጌይቱ ኮሎምቢያ ዋንጫውን ለሁለተኛ ጊዜ ጠበቀች። አዲሱ ንድፍ በአሮጌው ቅኝት መሸነፉ ለነዳፊው ምን ያህል እንደ መረረው መገመት አያዳግትም። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ሻምሮክ ሁለተኛም በእንግሊዝ አገር ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛን አሳፍራ ሳለ ምሰሶዋን ጥላለች። ችግሩ የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የዘመኑ ነበር።

ናትናኤል ከዚህ በኋላ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል ብሎ የጠበቀ ሰው ቢኖር ተሳስቷል። በ1903 የወጣችው ሪላያንስ በአንድ ምሰሶ ላይ ከተሠሩት የዘመኑ የእሽቅድምድም መርከቦች ሁሉ የላቀች ነበረች። ከጫፍ እስከ ጫፍ 43.8 ሜትር፣ ከውኃው እስከ ምሰሶው አናት 61 ሜትር ያህል፣ የሸራዋ ስፋት 1,500 ካሬ ሜትር ነበር። መርከበኞቿ 64 ነበሩ። የላይኛው ምሰሶ በውስጠ ባዶው በታችኛው የብረት ምሰሶ ውስጥ ተንሸራቶ እንዲገባ ተደርጎ ተሠራ። ገመድ የሚስቡት ዊንቾች ከመርከቡ ወለል በታች ተተከሉ፤ በዚህም ክብደታቸው ዝቅ አለ፣ የሠራተኞቹም እንቅስቃሴ ነጻ ሆነ። መሪዋም ሳይቀር ውስጡ ክፍት ሆኖ እንደ አስፈላጊነቱ ውኃ የሚሞላና የሚወጣለት ነበር። ይህን ሁሉ ጭነት የሚሸከም ምሰሶና አውታር በበጋው ሙሉ ሳይከዳ ቆመ። ሻምሮክ ሦስተኛን ሦስት ለዜሮ ስታሸንፍ፣ በመጨረሻው ቀን ተቃዋሚዋ በጉም ውስጥ መንገዷን ስታ የመድረሻውን መስመር ሳታገኝ ቀርታለች።

ከዚህም የሚያስገርመው፣ ሪላያንስን የመሰለች መርከብ ዳግመኛ እንዳትሠራ የሚያደርገውን የመመዘኛ ሕግ የደነገገው ራሱ ናትናኤል መሆኑ ነው። ሁለገብ ደንብ ተብሎ የታወቀው ይህ ቀመር የመርከቡን ርዝመት በሸራው ስፋት ካሬ ሥር አባዝቶ በመርከቡ ክብደት ኩብ ሥር ያካፍላል። ባዶ አካል ላይ የተከመረ ሸራ ይቀጣል፤ ሰው ሊኖርበት የሚችል፣ ክብደት ያለው መርከብ ደግሞ ይጠቀማል። የአሮጌውን ሕግ ቀዳዳ ከሁሉ አብልጦ የተጠቀመበት ሰው ቀዳዳውን ራሱ ደፈነው። ሪላያንስ በ1913 ተሰባበረች።

ከታላላቆቹ መርከቦች ጎን ለጎን የሠራቸው ትናንሽ ነገሮች ረጅም ዕድሜ ኖሩ። የሸራው ጨርቆች ስፌት ከሸራው የኋላ ጠርዝ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዲሠራ ማድረጉ ሸራው በነፋስ ኃይል ቅርጹን እንዳይለቅ ረድቷል። ሸራውን ከምሰሶው ጋር የሚያያይዘው ሐዲድና በሐዲዱ ላይ የሚንሸራተተው መያዣም በአብዛኛው ለእርሱ ይሰጣል። በ1914 ለልጆች መማሪያ እንድትሆን የነደፋት፣ በውኃ መስመሯ ላይ አሥራ ሁለት ጫማ ተኩል የምትሆን ጀልባ፣ ከዋንጫ መርከቦቹ ሁሉ ይልቅ ተወዳጅ ሆነች።

ወንድሙ ጆን በ1915 ዐረፈ። ድርጅቱም ከሁለት ዓመት በኋላ በሌሎች እጅ ገባ፤ ገንዘቡንና ደንበኛውን ይይዝ የነበረው ዓይነ ስውሩ ወንድም ነበርና። በጦርነቱ ምክንያት የዘገየው የዋንጫ ውድድር በ1920 ሲደረግ የናትናኤል የመጨረሻ ተሟጋች ሪሶሉት በመጀመሪያው ቀን እየመራች ሳለ የዋናውን ሸራ የላይኛ ግንድ የሚሰቅለው ገመድ ለቀቀና ሸራው ወረደ፤ ውድድሩን አቋርጣ ወጣች። ሁለተኛውንም ተሸነፈች። ከዚያ ሦስቱን ተከታታይ አሸንፋ ዋንጫውን አስቀረች። ናትናኤል ያን ጊዜ የ72 ዓመት አዛውንት ነበር።

ከመጀመሪያ ሚስቱ ስድስት ልጆች የነበሩት ሲሆን፣ ሲድኒና ሊዊስ ፍራንሲስ የተባሉት ወንዶች ልጆቹ የአባታቸውን ሙያ ይዘዋል። ራሱ ቃሉ ጥቂት፣ እንግዳ የማይወድ፣ በቤቱ ሰገነት ተቀምጦ ሲቀርጽና ሲያሰላ የሚውል ሰው ነበር። በ1930 ሌላ ነዳፊ፣ ስታርሊንግ በርጀስ፣ ለኢንተርፕራይዝ ከዱራሉሚን የተሠራ ምሰሶ አቆመ፤ መርከቢቱ የተሠራችው በዚያው በብሪስቶል ግቢ ነው፤ ሽማግሌው በሕይወት ነበር። ሰኔ 2 ቀን 1938 በተወለደባት ከተማ በዘጠና ዓመቱ ዐረፈ።

ንድፎቹ በተማረበት የቴክኖሎጂ ተቋም ቤተ መዘክር ይገኛሉ። በ1912 ለራሱ የሠራት፣ በስተርጅና ክረምቱን በቤርሙዳ ይነዳት የነበረችው ትንሽ ጀልባ አሌሪየን በኮኔቲከት በሚስቲክ ሲፖርት ቤተ መዘክር ተቀምጣለች። የአሥራ ሁለት ጫማ ተኩሏ ጀልባ ዘሮች ግን ቤተ መዘክር አልገቡም፤ በየበጋው በበዛርድስ ባሕረ ሰላጤ ላይ ምሰሷቸው ይቆማል፣ አውታራቸው ይወጠራል፣ ይወዳደራሉም።